የወታደር ልጆች ድጎማ ከየት ይመጣል?

አሜሪካ ውስጥ በጦር ኃይሉ የምታገለግሉ ወላጆች ስለ ትምህርት ቤት ድጋፍ ስታወሩ ሁለት ገንዘቦች ይምታቱባችኋል።

አንደኛው ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው ኢምፓክት ኤይድ ነው። የጦር ሰፈር መሬት የንብረት ግብር ስለማይከፈልበት ትምህርት ቤቶች ከግብሩ የሚያጡትን ገቢ የፌዴራል መንግሥት በከፊል ይሸፍናል። ገንዘቡ ለመምህር ደሞዝም ለአውቶቡስም ይውላል፤ ለወታደር ልጅ ብቻ ተብሎ የተመደበ አይደለም። የሚሰላው ግን በልጆች ቁጥር ነው። ስለዚህ ትምህርት ሲከፈት የወላጅን ሥራና አድራሻ የሚጠይቀውን ቅጽ እባካችሁ ቦርሳ ውስጥ አታስቀሩት።

ሁለተኛው የመከላከያ ሚኒስቴሩ የትምህርት ክፍል፣ ዶዲያ፣ በውድድር የሚሰጠው ድጎማ ነው። የሂሳብ ማጠናከሪያው፣ የቋንቋ ትምህርቱ፣ ለአዲስ ገቢ ልጆች የሚደረገው ድጋፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የጊዜ ገደብ አለው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጥሩ ነው ወይ ከማለት በፊት እስከ መቼ እንደሚቆይና ገንዘቡ ሲያልቅ ማን እንደሚረከበው ጠይቁ። እኔ ገንዘቡ ካለቀ በኋላም የሚሠራ የሰለጠነ መምህር ከአዲስ ታብሌት እመርጣለሁ።

ድጎማ በሌለበትም መብት አለ። ሃምሳውም ግዛቶች በገቡት ስምምነት መሠረት፣ በዝውውር የመጣ የወታደር ልጅ ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ ኦፊሴላዊው ማስረጃ እስኪደርስ ሳይጠብቅ ይመዘገባል፤ ለጎደለ ክትባትም 30 ቀን ይሰጠዋል።