ዕድሜና የአንጎል ነቀርሳ

አንድ ሰው የአንጎል ነቀርሳ እንደ ያዘው በታወቀ ጊዜ፣ ወጣት ቢሆን ቤተ ዘመዱ «ዕድሜው ያግዘዋል» ብሎ ይጽናናል፤ ሽማግሌ ቢሆን ግን «ከእንግዲህ ምን ተስፋ አለ?» ይላል። እስቲ ይህን ፍርድ እንመርምረው።

ግሊዮብላስቶማ በተባለው ብርቱ የአንጎል ነቀርሳ ከሚያዙት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ወጣቶቹም ከእነርሱ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራሉ። ምክንያቱ ግን የወጣትነት ብርታት ብቻ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሊቃውንት አይዲኤች 1 የተባለውን ጂን በአንዳንድ ሕሙማን ነቀርሳ ውስጥ ተለውጦ አገኙት። እነዚህም ሕሙማን አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ከሌሎቹም ይልቅ ብዙ ኖሩ። ስለዚህ በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም የጤና ድርጅት ሁለቱን በተለያየ ስም መደባቸው። አንድ ይመስል የነበረው በሽታ ሁለት ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ሽማግሌው ተስፋ ይቁረጥን? አይገባም። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 562 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ቴሞዞሎማይድ የተባለው መድኃኒት ነቀርሳውን ሲጎዳ፣ ኤምጂኤምቲ የተባለው ጂን ጉዳቱን ይጠግናል። ይህ ጂን ተዘግቶ ከተገኘባቸው ሕሙማን፣ ጨረር ብቻ ከተሰጣቸው ግማሾቹ ከ7.7 ወር በላይ ኖሩ፤ ከጨረሩ ጋር መድኃኒቱ ከተጨመረላቸው ግን ግማሾቹ ከ13.5 ወር በላይ ኖሩ። ስድስት ወር ለጤነኛ ጥቂት ይመስላል፤ ልጆቹን መርቆ ለመሰናበት ለሚሻ አባት ግን ትልቅ ስጦታ ነው።

እንግዲህ ሐኪም ፊት በቀረብን ጊዜ ዕድሜን ብቻ ቆጥረን አንፍረድ፤ «የነቀርሳው ጂን ተመርምሯልን?» ብለን መጠየቅን እንልመድ።