ተጨማሪ መረጃ፦ ስካውቶች፣ ሬዲዮና የላስታ ተራሮች
አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ባለፈቃዶች ያለ ገንዘብ ጥቅም ለመማርና ለመነጋገር የሚጠቀሙበት የሬዲዮ አገልግሎት፣ ከስካውት እንቅስቃሴ ጋር ይበልጥ የተቆራኘው እ.ኤ.አ. በ1958 «የአየር ላይ ጃምቦሪ» የተሰኘው ዓመታዊ የስካውቶች የሬዲዮ ግንኙነት ሲጀመር ነው። ፈቃድ የሌለው ስካውትም የአገሩ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ በባለፈቃድ ተቆጣጣሪነት ይነጋገርበታል። የላሊበላ ስካውቶች ጃምቦሪውን ሊቀላቀሉ ቢሹ የቅርብ አርአያቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው፣ ኢቲ3ኤኤ በሚል መለያ የሚታወቀው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው። ላሊበላ ባለችበት በላስታ፣ በቀጥታ መስመር የሚጓዘውን የእጅ ሬዲዮ ሞገድ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አቡነ ዮሴፍን የመሰለ ተራራ ይጋርደዋል፤ አጭር ሞገድ ግን አዮኖስፌር ከተባለው፣ የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ካደረገው የላይኛው ከባቢ አየር ነጥሮ አህጉር ስለሚሻገር፣ ለላስታ የሚበጀው እርሱ ነው።