መሣሪያን ከነሥርዐቱ መቀበል፤ ስለ ንጹሕ መርፌ አገልግሎት

ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ጠቢባንን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያሠሩበት ስፍራ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከእነዚያ ሰዎች ይሹ የነበረው የተሠራውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የአሠራሩን ጥበብ ጭምር ነበረና፣ መሣሪያን ከነሥርዐቱ መቀበል የሚለው አሳብ ለዚህች ምድር እንግዳ አይደለም። ዛሬ ለአንባቢ የምናስተዋውቀው መሣሪያ የሐኪም መርፌ፣ ሥርዐቱም አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ ለሚወስዱ ሰዎች የተቋቋመው የንጹሕ መርፌ አገልግሎት ነው።

መቀመጫቸው ደብረ ታቦር የነበረው ራስ ዓሊ በአይሻል ጦርነት በደጃች ካሣ ድል በተመቱበት በ1845 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1853፣ በኤዲንብራ ሐኪሙ አሌክሳንደር ዉድ፣ በፈረንሳይም ሻርል ፕራቫዝ፣ ሳይመካከሩ፣ ሲሪንጅ የሚባለውን ባለ መግፊያ መርፌ ለሕክምና አበረከቱ። ዉድ በዚህ መርፌ ሞርፊን እየሰጠ የሕሙማንን ሥቃይ ያስታግሥ ነበር፤ በአፍ ያልተዋጠ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም ብለው ያመኑ ሐኪሞችም በዚያ ዘመን ስለ ነበሩ፣ ስሕተቱ የታወቀው ብዙ ሰዎች በሱስ ከተያዙ በኋላ ነው።

ይኸው መርፌ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲዛወር ደግሞ ሌላ መቅሠፍት ያመጣል፤ ከመግፊያው ሥር የምትቀረው ኢምንት የደም ጠብታ ቫይረስ ተሸክማ ትቈያለችና፣ በላቦራቶሪ በተደረገ ምርምር ኤች አይ ቪ እስከ 42 ቀን፣ ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ እስከ 63 ቀን በሲሪንጅ ውስጥ ኃይሉን ሳያጣ ሊሰነብት እንደሚችል ታይቷል።

የዉድ ከተማ ኤዲንብራ ይህን በመራራ ፈተና ተማረችው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሄሮይን በወጣቶቿ መካከል በተስፋፋ ጊዜ፣ ፖሊስ መርፌ እየነጠቀ፣ ሻጮችም መሸጡን እየተዉ በመሄዳቸው፣ ሱሰኞቹ ሱሳቸው ሳይለቃቸው መርፌውን ብቻ ስላጡ አንዱን መርፌ ለብዙ ይዋዋሱ ጀመር፤ በ1986ም ዶክተር ሮይ ሮበርትሰንና ባልደረቦቹ ከመረመሯቸው 164 የሄሮይን ተጠቃሚዎች መካከል ከመቶ 51 የሚሆኑት ኤች አይ ቪ በደማቸው እንደ ተገኘ አስታወቁ።

በአምስተርዳም ግን በ1984 አንድ የመድኃኒት መደብር ለሱሰኞች መርፌ መሸጡን ሲያቆም፣ የሱሰኞቹ ማኅበር የጉበት በሽታ እንዳይዛመት ሠግቶ ለከተማው ጤና መሥሪያ ቤት አቤት በማለቱ፣ ያገለገለውን መልሶ አዲሱን የመቀበል ሥርዐት ተጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የመጣው ሰው ያገለገሉትን መርፌዎች በገዛ እጁ ስለት በማይበሳው ሣጥን ውስጥ ይጥላል፣ አገልጋዩ ግን አይነካቸውም፤ ከዚያም አዳዲስ ሲሪንጅ፣ በአልኮል የራሰ ጥጥና የነጻ ውሃ ይሰጠዋል። እግረ መንገዱንም ደሙን ይመረመራል፣ የመገለ ክንዱ ይታጠብለታል፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይከተባል፣ ዕፁ በዝቶበት ትንፋሹ የሚቋረጥን ባልንጀራ የሚያድነውን ናሎክሶን የተባለውን መድኃኒት አጠቃቀም ይማራል፤ ሱሱን ለመተው የወሰነውም ሜታዶን የተባለው የሱስ ሕክምና መድኃኒት ወደሚሰጥበት ሐኪም ይመራል።

ይህ ኃጢአትን ማደፋፈር አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄ ከቅን ልብ ሊመነጭ ይችላልና መልስ ይገባዋል። አገልግሎቱ በተሰጠባቸው አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሱሰኛው ሲበዛ አላሳዩም፤ እንዲያውም በአሜሪካ ሲያትል ወደ አገልግሎቱ አዲስ የመጡት ካልመጡት ይልቅ በአምስት እጥፍ ወደ ሱስ ሕክምና ሲገቡ ተገኝተዋል። ከሁሉም በላይ ንስሓ የሚገባው በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ነፍሱን ማትረፍ ለመመለሻው ዕድሜ መስጠት ነው።

በአህጉራችንም ሞሪሺየስ የንጹሕ መርፌ አገልግሎቱን በ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀመረች፤ በታንዛንያ ዳሬ ሰላም የሙሂምቢሊ ሆስፒታል በ2011 ሜታዶን መስጠት ሲጀምር፣ ኬንያም በ2014 መጨረሻ በናይሮቢው ማታሪ ሆስፒታል ይህንኑ ሕክምና ከፈተች።

በአገራችን ሕጉ አደንዛዥ ዕፅን በብርቱ ስለሚከለክል፣ በመርፌ የሚወስድ ሰው ክንዱን ሸፍኖ ከሐኪም ይሸሸጋል። የአገልግሎቱ መሠረት ግን በቤታችን አለ። ለንቅሳት፣ ለግርዛትና ለእንጥል ቈረጣ አንድን ስለት ለብዙ ሰው ማዋል ሞት እንደሚያመጣ የደቡብ ጎንደር ገበሬ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰምቷል፤ በየጤና ጣቢያውም ነርሷ ወግታ ስታበቃ መርፌውን መልሳ ሳትከድን ሴፍቲ ቦክስ በሚሉት ቢጫ ካርቶን ውስጥ ትጥለዋለች፣ ካርቶኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ ለመቃጠል ይሄዳል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በነጻ ይታደላል፤ በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አጣምረው እንዲወስዱ በመምከራቸው፣ እምነትና ሕክምና የማይጣሉ መሆናቸው በቤተ ክርስቲያን አንደበት ተነግሯል።

እንግዲህ የቀረን ይህንኑ ጥንቃቄና ይህንኑ ምሕረት ለሱሰኛው ማዳረስ ነው። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የሚያስተምሩ መምህራን፣ የተወጋ ክንድ ያየ ሐኪም ከወቀሳ በፊት ቍስሉን ማጠብ፣ ከፍርድ በፊትም ደሙን መመርመር እንደሚገባው ተማሪዎቻቸውን ያስተምሩ፤ የነፍስ አባቶችም ሱስ ደዌ መሆኑን ለቤተሰቡ ያስረዱ። መርፌው ወደ አገራችን ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታልና፣ ሥርዐቱን ለማስገባት የወረርሽኝን መምጣት መጠበቅ አይገባንም።