ስለ ጋማ ጨረር መለኪያና ስለ አሮጌ ብረት ንግድ

የአምቦ፣ የጊንጪ፣ የጌዶ ወይም የባኮ እህል ነጋዴ በጎተራው ውስጥ የቀረውን እህል ለማወቅ ሲሻ ክዳኑን ከፍቶ ይመለከታል፤ ጨለማ ቢሆንበት ዘንግ ሰድዶ ይለካል። የትልቅ ፋብሪካ ጎተራ ግን ዘወትር እንዲህ በቀላሉ አይለካም። ዕቃው በጣም የጋለ ሲሆን ወደ ውስጥ የሚገባ መለኪያ ቶሎ ይበላሻል። ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ በጋማ ጨረር መለካት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሲሚንቶ ሥራ ነው። ይህም ሥራ ለምዕራብ ሸዋ እንግዳ አይደለም፤ የሙገር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984፣ የዳንጎቴ ፋብሪካ ደግሞ በ2015 ሥራ የጀመሩት በዚሁ ዞን በአዳ በርጋ ወረዳ ነው። በዘመናዊ የሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር ተፈጭተው ከደቀቁ በኋላ፣ ዱቄቱ ወደ ዋናው ምድጃ ከመግባቱ በፊት በረጅም ማማ ላይ በተደረደሩ ማሞቂያዎች እየጋለ ይወርዳል። በታችኛው ማሞቂያ ሙቀቱ ወደ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ዱቄቱ በመውረጃው ጕሮሮ ላይ ተጠራቅሞ ቢዘጋ ፋብሪካው ይቆማል፤ ለመክፈት የሚደክሙትንም ሠራተኞች የጋለው ዱቄት በድንገት ወርዶ ሊያቃጥላቸው ይችላል። ስለዚህ መጠራቀሙን ቀድሞ ማወቅ የገንዘብም የሕይወትም ጉዳይ ነው።

የመለኪያው አሠራር እንደሚከተለው ነው። በዕቃ መያዣው በአንድ ወገን፣ በእርሳስ በተሞላ የብረት ሣጥን ውስጥ ጥቂት ሲዚየም 137 ወይም ኮባልት 60 ይቀመጣል። ከሣጥኑ በጠባብ ቀዳዳ የሚወጣው ጨረር ግድግዳውን አልፎ በሌላው ወገን ወዳለው ጨረር ቈጣሪ ይደርሳል። መያዣው ባዶ ሲሆን ቈጣሪው ብዙ ጨረር ይቀበላል፤ ዕቃው ከፍ ብሎ መንገዱን ሲሸፍን ግን ጨረሩን ስለሚያስቀር የሚቈጠረው ያንሳል። ከዚህም ልዩነት የዕቃው ከፍታ ይታወቃል። ጨረሩ ያለፈበት ዕቃ ራሱ ጨረር አመንጪ አይሆንም፤ ስለዚህ ሲሚንቶውን የሚሸጥና የሚገዛ ሰው በዚህ ረገድ የሚፈራው ነገር የለም።

ሊፈራ የሚገባው መሣሪያው አርጅቶ ሲጣል ነው። የሲዚየም 137 ኀይል በግማሽ የሚቀንሰው በ30 ዓመት ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላም ሩቡ ይቀራል። ፋብሪካው ቢዘጋ፣ ባለቤቱም ቢለወጥ ጨረሩ አይቋረጥም። ከባዱ ሣጥን ደግሞ ብረትም እርሳስም ስላለበት የአሮጌ ብረት ገዢን ዐይን ይስባል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል አገር በጎያንያ ከተማ፣ ሰዎች ከተተወ ሕክምና ቤት ሲዚየም 137 የያዘ የሕክምና መሣሪያ አውጥተው ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡ። መያዣው ተሰብሮ ዱቄቱ ከእጅ ወደ እጅ በመተላለፉ 4 ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 250 የሚጠጉም ተበከሉ። ከሟቾቹ መካከል የነጋዴው ሚስትና አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ይገኙበታል።

በኢትዮጵያም ስለ ጨረር መከላከል በ2009 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1025 እንዲህ ያለውን ነገር ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ሣጥን፣ ወይም በቢጫ መደብ ላይ ባለ ሦስት ቅጠል ጥቍር ምልክት ያለበት ዕቃ ቢያገኝ አይክፈተው፣ አይቍረጠው፣ በመኪናም አይጫነው። ራሱ ርቆ ሌላውንም አርቆ፣ ለፖሊስና ጨረርን ለሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤት ያመልክት። ምልክቱም ከዕድሜ ብዛት ሊፋቅ ስለሚችል፣ ዋጋ ከመቍረጥ በፊት ዕቃው ከየት እንደ መጣና ለምን ሥራ ይውል እንደ ነበረ ሻጩን ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይገባል።