ለጀማሪ የሚበቃ መሣሪያ፤ የሚባለውና እውነቱ

እንደ ሰላ ድንጋይ ባለ የደብር አገር የሚያድግ የዜማ ተማሪ ጸናጽልና መቋሚያ ከመያዙ አስቀድሞ ብዙ ጊዜ በመምህሩ ቃል ብቻ ስለሚቀረጽ፣ ስሕተቱ ሁሉ የራሱ ነው፤ በመሣሪያ የሚያመካኝበት የለውም። ልጁን ፒያኖ ወይም በገና ለማስተማር የተነሣ ወላጅ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ስለ መሣሪያ ማሰብ ግድ ይሆንበታል፤ በዚህም ነገር የሚሰጠው ምክር ሁሉ ቀና አይደለም።

«ለጀማሪ የተገኘው ይበቃዋል፤ ጥሩው ሲለምድ ይገዛለታል» ይባላል። አነጋገሩ ቁጠባ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በጥበቡ የበሰለ ሰው የሰነፈውን ቁልፍ በጣቱ ኃይል፣ የወረደውን ድምፅ በልምዱ አውቆ ሲያልፈው፣ እዝነ ልቡናው ገና ያልተቃና ሕፃን ግን ጥፋቱ የእጁ ይሁን የመሣሪያው መለየት ስለማይችል፣ የተዛባውን ድምፅ ትክክለኛ ቅኝት አድርጎ ይይዘዋል፤ አለዚያም «እኔ አልተፈጠርሁበትም» ብሎ ይተወዋል።

ከዚህ ተነሥቶ ደግሞ «እንግዲያው ታላቁ የእንጨት ፒያኖ ካልሆነ ከንቱ ነው» የሚል አለ። ይህም ልክ አይደለም። ፒያኖ ከ200 የሚበልጡ የብረት አውታሮች በብርቱ ኃይል የተወጠሩበት ስለ ሆነ፣ እንጨቱ በክረምት እርጥበት ሲያብጥ፣ በበጋ ደረቅ ነፋስ ሲኮማተር ቅኝቱ ይዛባል፤ የአንኮበርን ጉምና የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ዓመታት ሙሉ ሳይቃኝ የቆመ ባለ ግርማ ፒያኖ፣ ድምፁ ከማይወርደው ከትንሹ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ይልቅ ጆሮ ያበላሻል። የኪቦርዱ ጉድለት ሌላ ነው፤ ቁልፉ እጅግ ቀላል ከሆነ፣ ቀስ ብለው ቢነኩትም በኃይል ቢመቱትም እኩል ከጮኸ፣ ተማሪው ኖታና ምት ሊማርበት ይችላል፤ ድምፅን ማለዘብና ማጽናት ግን አይማርበትም።

ስለ ጀማሪው ዕድሜም የሚባል አለ፤ «ከሕፃንነቱ ፒያኖ ያልነካ አይሆንለትም» የሚለውን ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ አፍርሶታል፤ ክራር እየመታ አድጎ ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ሲሆን፣ ኋላም በሶፊያ ኮንሰርቫቶር ተምሯል።

ጥራትንም ሁሉ በፒያኖ ሚዛን መመዘን አይገባም። የበገናን ንዝረት የሰማ ጀማሪ መሣሪያው የተሰበረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ድምፁን የምትሰጠው በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ናት፤ አውታሩ እየነካካት ይነዝራል፤ ከቦታዋ ጥቂት ብትዛነፍ ድምፁ ይደፈናል። ከበግ አንጀት የተሠሩት አሥሩ አውታሮች ከአየሩ ጋር ስለሚላሉና ስለሚከርሩ፣ ጀማሪው ራሱ መቃኘት እስኪችል ድረስ መምህሩ ሊቃኝለት ይገባል። በሐረግና በመስቀል የተጌጠው በገና ለዓይን ያማረ ነው፤ ጌጡ ግን ድምፅ አይጨምርም፤ ገበያው የሚያስከፍለው ለጌጡ መሆኑ ያሳዝናል።

አሮጌ ፒያኖ የሚገዛ ሰው ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ በለሆሳስ ቀጥሎም በኃይል ይንካቸው፤ ተጭነው የሚቀሩ ቢያገኝ ዋጋው ቢረክስም ይለፈው፤ የሚቃኝለትንም ሰው ደመወዝ ከመግዣው ጋር አብሮ ይቍጠር።