የከብት ሕክምና ተማሪዎች ውሻ ማከም ይገባቸዋልን?

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ፥ የከብት ሕክምና ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ በቤት የሚኖሩትን እንስሳት፥ ይልቁንም ውሻን፥ ማከም ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚል ነው። ለጥያቄው መነሻ የሆነን በወረታ አቅራቢያ በቁሐር ሚካኤል ያየነው ነገር ነው።

የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና የሚወርዱበት ረግረግ አገር ነው። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ ነገር ግን ውሃ የሚተኛበት ሣር የጉበት ትል ያመጣባታል። ስለዚህ ተማሪ ወደዚያ ሲሄድ የሚሄደው ለላምና ለበሬ ነው። እኛም አንዲት ላም አክመን ስንጨርስ ባለቤቱ ሽማግሌ፥ «ልጆቼ፥ ይህችን ውሻዬንም እዩልኝ፤ ሌሊት በረቱን የምትጠብቅልኝ እሷ ናት» አሉን። ከመካከላችን አንዱ የቆሰለ እግሯን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ መምህራችን፥ «ተው! ውሻዋ ተከትባለችን? አንተስ ተከትበሃልን?» ብለው አስቆሙት። ውሻዋም እኛም አልተከተብንም ነበር። አፍረን ተመለስን።

ተማሪ ውሻ አይንካ የሚሉ ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው፥ የገበሬው ሀብት ከብት ስለ ሆነ የተማሪው ጊዜና መድኃኒት ለከብት ይዋል የሚል ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የደስታ በሽታ ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀንን አምጥቶ ነበር። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የተነገረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ምክንያት አደጋው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ለመጀመሪያው የምንሰጠው መልስ፥ ውሻና ከብት የማይለያዩ መሆናቸው ነው። በበዓል ቀን ከብት ሲታረድ እጢ ያለበት ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይጣላል። በእጢው ውስጥ ያለው ነገር በውሻው አንጀት ትንሽ የኮሶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከኵሱ ጋር በሣርና በውሃ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያም ወደ ከብቱ፥ ወደ ሰውም ይመለሳል። ስለዚህ ውሻውን ትቶ ከብቱን ብቻ ማከም የሚያፈስ ጣራ ሳይከድኑ ወለሉን እንደ መጥረግ ነው።

ለሁለተኛውም መልስ አለን። ያበደ ውሻ የነከሳት ላም ለሃጯን ስታዝረበርብ፥ አንዳች ነገር ያነቃት የመሰለው ተማሪ እጁን ወደ አፏ ይከታል። እንግዲህ ከውሻ የሸሸ ተማሪ ከበሽታው አልሸሸም። ደግሞም ከ100 ውሾች 70ው ቢከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ እንደሚቋረጥ ታውቋል። ውሻ መያዝና ማሰር ያልተማረ ሐኪም ግን እንዴት አድርጎ ይከትባል?

ስለዚህ ማከም ይገባቸዋል እንላለን፤ ሆኖም በሦስት ነገር ተወስኖ ይሁን። ተማሪው አስቀድሞ ራሱ ይከተብ፤ መምህሩ ባለበት ብቻ ይሥራ፤ ተማሪ መሆኑንም ለባለቤቱ ገልጦ ፈቃድ ይቀበል። የተነከሰ ሰው ሲገኝ ደግሞ፥ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንደሚገባው ለቤተ ሰቡ ይንገር። ይህ ቢደረግ ኖሮ እኛም ሽማግሌውን ውሻቸውን ሳናይላቸው ባልተለየናቸው ነበር።