ደጋግሞ ማንበብ ወይስ ዘግቶ ማስታወስ?

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው ከዓመታት በፊት የጨረስነውን ኮርስ ሳይቀር ይጠይቃል፤ ብዙዎቻችን ግን ያንን ኮርስ የረሳነው ፋይናሉን በወሰድን ሳምንት ነው። ይህ የስንፍና ጉዳይ ብቻ አይመስለንም። ኮርሶቻችን የሚሰጡበት መንገድና አእምሮ ትምህርትን የሚይዝበት መንገድ ሳይገጣጠሙ ቆይተዋል።

ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ ይህንን በግልጽ ያሳያል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። የሚገርመው፣ የበለጠ እናስታውሳለን ብለው የገመቱት አንባቢዎቹ ነበሩ። ሃንድአውቱን በሃይላይተር አቅልመን «ገብቶኛል» ስንል የሚያታልለን ይኸው ስሜት ነው።

ሒፍዝ የቀራ ሰው ይህ አይገርመውም። ኡስታዙ ፊት የሚቀመጠው ሙስሐፉን ዘግቶ ነው፤ ትናንት ያሰማውን ዛሬም፣ ከወር በኋላም በሙራጀዓ ይመለስበታል። (በእርግጥ ቃል በቃል መያዝና ቴርሞዳይናሚክስን መረዳት አንድ አይደሉም። ሆኖም ዘግቶ ማስታወስ ለሁለቱም ይጠቅማል።)

ጊዜን ማራራቅም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ በተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ የተደገመ ነገር በአንድ ቀን ከታጨቀው በተሻለ እንደሚያዝ አሳይቷል። ስለዚህ በሞጁል ሥርዓቱ አንዳንድ ኮርሶች በብሎክ፣ በጥቂት ሳምንታት ተሰጥተው ማለቃቸው ለመርሳት የተመቸ አሠራር ነበር ብለን እናምናለን።

የመልመጃ ጥያቄዎች አደራደርም ለውጥ ያመጣል። ሮረር እና ቴይለር በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተማሩ። ጥያቄዎቹ በየዓይነታቸው ተለይተው የቀረቡላቸው በልምምዱ ወቅት 89 በመቶ፣ ተደበላልቀው የቀረቡላቸው 60 በመቶ አገኙ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ወደ 20 በመቶ ሲወርዱ ሁለተኞቹ 63 በመቶ አስመዘገቡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥያቄው ሲደበላለቅ ተማሪው ማስላት ብቻ ሳይሆን የትኛው ፎርሙላ እንደሚያስፈልግም መምረጥ ይማራል። ፋይናል ላይ የሚያስቸግረንም ይኸው ምርጫ ነው። ወርክሺቶቻችን ግን በአብዛኛው በምዕራፍ የተከፋፈሉ ናቸው።

እንግዲህ ክፍል ተወካይ የሆናችሁ፣ መምህራን አስተያየት ሲጠይቋችሁ ሁለት ነገር ጠይቁልን፦ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ያለፈውን ሳምንትና ያለፈውን ወር የሚያስታውስ፣ ማርክ የሌለው የ5 ደቂቃ ኩዊዝ፤ እና የቀደሙ ምዕራፎችን ጥያቄ የቀላቀለ ወርክሺት። የጀመዓችን ቲቶሪያልም ኢንሻአላህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በማብራሪያ ሳይሆን በባዶ ወረቀት ይጀምራል፤ እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፣ ሃንድአውቱን ግን ቦርሳ ውስጥ ተዉት።